ተራዬን ያስበላኝ «አይ»

ስክራብል የፊደል ጠጠሮችን ሰሌዳ ላይ እየደረደሩ ቃል የሚሠሩበት ጨዋታ ነው፤ እኛ በእንግሊዝኛ እንጫወተዋለን። እዚያ ላይ ረጅም ቃል አያናድደኝም። ረጅም ቃል የጣለ ሰው ይጨበጨብለታል። የሚያናድደኝ ባለ ሁለት ፊደል ቃል ነው።

የአክስቴ ልጅ የእነዚህ ቃላት ሱሰኛ ነው። መጀመሪያ ይሸመድዳቸዋል፤ ከዚያ በየቋንቋው ምን ማለት እንደሆኑ ይለቃቅማል። በእርግጥ ያዋጣሉ። «ቺ»ን እንውሰድ፤ ቻይናውያን የሕይወት ኃይል የሚሉት ነው፤ በእንግሊዝኛ በ«ኪው» እና በ«አይ» ይጻፋል። «ኪው» የተባለችው ባለ 10 ነጥብ ፊደል ነጥቧን ሦስት እጥፍ የሚያደርግ ቤት ላይ አርፋ፣ ወደ ጎንም ወደ ታችም «ቺ» ተብላ ከተነበበች 62 ነጥብ ታስገባለች። የልጁ ጀግና ደግሞ ኒውዚላንዳዊው ናይጀል ሪቻርድስ ነው። ሰውዬው ፈረንሳይኛ ሳይናገር፣ ቃላቱን ብቻ ሸምድዶ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የፈረንሳይኛ ስክራብል የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በ2024 ደግሞ በስፓኒሽ ደገመው። ይህን እያወቀ ቋንቋ ትምህርት ቤት የሚመዘገብ ሰው ይገርመኛል።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። አንድ ማታ ሰባቱም ፊደሎቼ ተገጣጥመው «ሪቴይንስ» (retains) የሚል ቃል ሆኑልኝ። ፊደሎቹ እያንዳንዳቸው 1 ነጥብ ብቻ ናቸው። ግን ሰባቱን በአንድ ተራ ላወረደ የ50 ነጥብ ጉርሻ አለው! የሚገባበት ቦታ አንድ ብቻ ነበር። ፊቴን እንደ ተሸናፊ አስመስዬ ተራዬን ጠበቅኩ።

ልጁ «ኤ» እና «አይ» የሚባሉትን ሁለት ፊደሎች አነሳና እዚያችው ቦታ ላይ ቁጭ አደረጋቸው። አንድ ላይ ሲነበቡ «አይ»። ነጥቡ? 2።

«አይ!» አልኩ ሳላስበው።

«አዎ፣ አይ» አለኝ።

«ይሄ እኮ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ምህጻረ ቃል ነው። ምህጻረ ቃል አይፈቀድም!»

«ትቃወማለህ?»

«እቃወማለሁ!»

መዝገበ ቃላቱ ተከፈተ። «አይ» ማለት ለካ በደቡብና በመካከለኛው አሜሪካ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ የሚኖር፣ ስሎዝ የሚባል ባለ ሦስት ጥፍር እንስሳ ነው። ስሙ ብራዚል ውስጥ ይነገር ከነበረው የቱፒ ቋንቋ የመጣ ነው። ከቀርፋፋነቱ የተነሳ ለመጸዳዳት እንኳ ከዛፍ የሚወርደው በሳምንት አንዴ ገደማ ነው። እንዲህ ያለ ፍጡር እኔን ቀደመኝ!

በሰሜን አሜሪካ የውድድር ሕግ፣ ተቃውሞው ውድቅ የሆነበት ሰው ተራውን ያጣል። እኛ ሰሜን አሜሪካ አይደለንም፤ ውድድርም ላይ አይደለንም። ልጁ ግን ወይ ፍንክች። ጩኸታችን እናቴን ከጓዳ አወጣት።

«ምንድን ነው የሚያጨቃጭቃችሁ?»

«አይ» አልኳት።

«ምን አይ ትለኛለህ? ጠየቅኩህ እኮ!»

«አይደለም እማዬ፣ አይ ነው።»

«አይደለም ነው ወይስ ነው?»

ልጁ ሊያስታርቅ ገባ። ምነው ባልገባ! «አክስቴ፣ በጃፓንኛና በቻይንኛ እኮ ፍቅር ማለት ነው።»

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። «ፍቅር? ማን ናት?»

«‹ማን› ማለትም ነው» አለ እሱ። «በቬትናምኛ።»

«አንተን አልጠየቅኩህም! ልጄ፣ ንገረኝ፤ የምትደብቀኝ ሰው አለህ?»

«እሱም አለ፤ በሮማንያኛ ‹አለህ›፣ በፈረንሳይኛ ‹አለኝ›!»

የፈረንሳይኛው «ኤ» ተብሎ ነው የሚነበበው። ግን በዚያ ሰዓት ይህን ማንሳት በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ስለሆነ ዝም አልኩ።

ማንም እንደሌለችኝ ለማስረዳት ከጨዋታው የበለጠ ጊዜ ፈጀብኝ። በመጨረሻ እናቴ ቁጭ ብላ ሰሌዳውን ገረመመችው። «ለመሆኑ ለምን በአማርኛ አትጫወቱም?»

ልጁ ይህን ሲሰማ ዓይኑ በራ። ወዲያው ስሌት ጀመረ። የእንግሊዝኛው ስክራብል ፊደል ያልተጻፈባቸውን ሁለት ባዶዎች ጨምሮ 100 ጠጠር አለው። የእኛ 33 ሆሄያት በሰባት ሲባዙ 231 ናቸው፤ አንድ አንድ እንኳ ቢደርሳቸው ከረጢቱ አይበቃም። «ዠ»ና «ጰ» 10 ነጥብ ይሁኑ አለ። ተስማማን። ቀጥሎ ግን ቦታ ለመቆጠብ ብሎ «ሀ፣ ሐ እና ኀ ድምፃቸው አንድ ስለሆነ በአንድ ይጠቃለሉ» አለ።

እናቴ ብድግ አለች። ፍቅረኛ ደብቀሃል ብላ እንኳ እንዲህ አልተቆጣችም። «‹ፀሐይ›ን በሃሌታው ሀ ልትጽፉልኝ? ብዙኃኑን ኀስ የት ልትጥሉት ነው? እቃወማለሁ!»

በዚህ ቤት የእናቴ ተቃውሞ ውድቅ ሆኖ አያውቅም። ልጁ ራሱ ባመጣው ሕግ ተራውን አጣ። ተራው ለእኔ ተመለሰልኝ፤ «ሪቴይንስ» ግን አሁንም የሚገባበት ቦታ አልነበረውም። ያቺን አንዲት ክፍት ቦታ የያዘው ስሎዝ እንደሆነ አይቸኩልም።