ኮቱን ያላወለቀው ሰውዬ

ትናንት ማታ መብራት ሄደ። ሻማ አብርቼ የቀሩኝን ሃያ ገጾች ጨረስኩ። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

መጽሐፉ የሴኔጋላዊው የሼክ ሐሚዱ ካን ልብ ወለድ ነው። ርዕሱን «አሻሚው ጉዞ» ልበለው። በፈረንሳይኛ የታተመው በ1961 እ.ኤ.አ. ነው፤ እኔ ያነበብኩት በእንግሊዝኛ ነው። ብራስልስ ተማሪ ሳለሁ ገዛሁት። ሦስት ዓመት ሻንጣ ውስጥ ተኝቶ፣ አዲስ አበባ መጥቶ ተነበበ። ወደ አውሮፓ ስለሄደ ተማሪ የሚያወራ መጽሐፍ እዚያው አውሮፓ ሆኜ መግለጥ አልደፈርኩም መሰለኝ።

የታሪኩ ዋና ሰው ሳምባ ዲያሎ፣ ፈረንሳዮች ቅኝ የያዙት የዲያሎቤ ሕዝብ የመሳፍንት ዘር ነው። ገና በልጅነቱ ቁርኣን እንዲቀራ ቲየርኖ ለሚባል ሽማግሌ መምህር ይሰጡታል። አንዲት ቃል ሲያዛንፍ መምህሩ ጭኑን ቆንጥጦ ይይዘዋል፤ ጥፍሩ ሥጋ ውስጥ እስኪገባ። ልጁ አያለቅስም። መምህሩም ይህን ልጅ ከሁሉም አብልጦ ይወደዋል።

ከዚያ የልመናው ታሪክ መጣ። ደቀ መዛሙርቱ ቡትቶ ለብሰው በየደጁ እየዞሩ ነው የሚበሉት። የባለጸጋ ልጅም ቢሆን ይለምናል። እዚህ ላይ መጽሐፉን አጥፌ አስቀመጥኩት። ወንድ አያቴ የቆሎ ተማሪ ነበሩ። ደበሎ ለብሰው፣ አኩፋዳ አንግተው፣ በአንድ እጃቸው የውሻ መከላከያ ዱላ ይዘው «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲሉ ያደጉ ሰው ናቸው። ልዩነቱ አንድ ነው። የእኛዎቹ በማርያም ስም ነው የሚለምኑት። ሳምባ ግን በየደጁ ቆሞ ስለ ሞት ይናገራል፤ ሰው የሚመጸውተው ደንግጦ ነው። አያቴ ይህን ቢሰሙ «ይኼስ ብልጥ ነው» ይሉ ነበር።

እኛ ኢትዮጵያውያን እንዲህ ያለ መጽሐፍ ስናነብ የምንደበቅባት አንዲት ዓረፍተ ነገር አለችን፤ «እኛ ቅኝ አልተገዛንም»። እኔም እሷን ይዤ ነበር የጀመርኩት። ታላቋ እመቤት እስክትመጣ ድረስ።

ታላቋ እመቤት የዲያሎቤው አለቃ እህት ናት። ስድሳ ዓመት ገደማ፣ ረጅም፣ አገሩ ሁሉ የሚፈራት ሴት። አንድ ቀን ሕዝቡን ትሰበስባለች፤ ከልማዱ ውጪ ሴቶቹንም ጭምር። የፈረንጆቹን ትምህርት ቤት እንደምትጠላው ትናገራለች። አስከትላም ልጆቻችንን ግን እንላካቸው ትላለች። ገበሬ የመረጠውን ዘር መብላት እያማረው አፈር ውስጥ እንደሚቀብረው ሁሉ፣ እኛም ልጆቻችንን እንቅበር ነው ነገሩ። ትምህርት ቤቱ ዛሬ የምንወደውን ነገር ልጆቹ ውስጥ እንደሚገድለው ታውቃለች። እያወቀች ነው የምትልካቸው።

መጀመሪያ ጨካኝ ሆና ታየችኝ። ኋላ ላይ ግን ሴት አያቴ ትዝ አሉኝ። አባቴን አስኳላ ያስገቡት እሳቸው ናቸው። ወንድ አያቴ ቅኔ ቤት ይግባ ብለው ሲሟገቱ፣ እሳቸው በሌሊት ቀስቅሰው፣ እጁን ይዘው ሄደው አስመዘገቡት። ማንም ፈረንጅ አላስገደዳቸውም። አባቴ አስኳላ ባይገባ እኔም ብራስልስን አላያትም ነበር።

ስለ ፓሪሱ ክፍል ብዙ አልልም። ሳምባ እዚያ ፍልስፍና ይማራል፤ ክርክሩ ለእኔ በዛብኝ። ከዚያ ሁሉ የያዝኳት ዘሯ ከካሪቢያን የሚመዘዘውን አዴልን ነው። ፓሪስ ተወልዳ አገሯን አይታ አታውቅም፤ የጠፋትን ነገር ሳምባ እንዲያስተምራት ትጠይቀዋለች። እሱም እየጠፋበት እንደሆነ እንዴት ይንገራት?

እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሌላ ሰው ነው። ዲያሎቤዎች «እብዱ» ነው የሚሉት። የነጮች አገር ደርሶ ተመልሷል። ከላይ ያረጀ የፈረንጅ ኮት ደርቧል፤ ከሥሩ የአገሩ ነጭ ልብስ ብቅ ይላል። ያየውን ለመምህሩ ሲያወራ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነግረው ስለ ወለሉ ነው። ጠንካራ ንጣፍ፣ የጫማ ኳኳታ። ባዶ እግር የሚያርፍበት ለስላሳ አፈር በዓይኑ ቢፈልግ አጣ። 

እኔም ብራስልስ የገባሁ ዕለት የማስታውሰው ባቡር ጣቢያውን ነው። የሻንጣ ጎማ ድንጋዩ ላይ ሲንኳኳ፣ መቶ ሻንጣ አንድ ላይ። እዚያ ሰልባጅ የገዛሁት ረጅም ኮት አለኝ። ክረምት ሲገባ አዲስ አበባ ላይ እለብሰዋለሁ። የሰፈር ልጆች «ፈረንጁ መጣ» ይሉኛል። እስቃለሁ። ግን አላወልቀውም።

መጨረሻው እንዲህ ነው። ሳምባ አገሩ ሲመለስ መምህሩ ሞተዋል። እብዱ ሳምባን መምህሩ ነህ ይለውና ጸልይ እያለ ይለምነዋል። ሳምባ በሐሳቡ ከፈጣሪው ጋር እየተሟገተ ነበር። ለፈጣሪው ያሰበው «አልቀበልም» ሳያስበው ከአፉ ወጣ። እብዱ ለእሱ የተመለሰለት መልስ መሰለው። መሣሪያውን መዘዘ።

ይቺን ገጽ ሦስት ጊዜ አነበብኳት። ባለፈው ፋሲካ ጎጃም ሴት አያቴ ቤት ነበርኩ። በእበት የተለቀለቀው መደብ ላይ ተቀምጠን፣ ዶሮው ቀርቦ፣ «እስቲ አንተ አቡነ ዘበሰማያት ድገም፣ ልጄ» አሉኝ። ጀመርኩ። «ሲሳየነ ዘለለ ዕለትነ» ላይ ስደርስ ቀጣዩ ጠፋኝ። ቤቱ ዝም አለ። አያቴ ከአፌ ተቀብለው «ሀበነ ዮም» አሉና እስከ አሜን ወሰዱት።

ከዚያ እንቁላሉን ቆርሰው፣ በወጡ አጥቅሰው አጎረሱኝ። ምንም አላሉም።