የመኪና መሪ ከማውለቃችሁ በፊት ይቺን አንብቡ

መሪ ማውለቅ ቀላል ነው የሚላችሁን ሰው ግማሹን ብቻ እመኑት። መሃል ላይ ያለችው ዳዶ ትፈታለች፣ መሪው ይወጣል፣ አለቀ። ይሄ እውነት ነው። ያልነገራችሁ ግን ዳዶዋ ተፈትታም መሪው ንቅንቅ የማይልበት ጊዜ እንዳለ ነው። ከመሪው ጀርባ ስላለችው ቀጭን ዕቃ ደግሞ ጭራሽ አያነሳላችሁም።

እኔን እዚህ ያስገባኝ ከዳሽቦርዱ ውስጥ የሚመጣ ድምፅ ነው። መኪናው በተነሳ ቁጥር ቀጭ ቀጭ ቀጭ ይልና ትንሽ ቆይቶ ዝም ይላል። ሙቅና ቀዝቃዛ አየር የምታቀላቅለውን በር የምታንቀሳቅስ ትንሽ ሞተር አለች። ውስጧ ያለው የፕላስቲክ ጥርስ ሲሰበር እንዲህ ነው የምትጮኸው። መጠኗ ከእጅ መዳፍ አይበልጥም። የተቀመጠችው ግን ከዳሽቦርዱ ጀርባ ጥልቅ ውስጥ ነው። አንዳንድ መኪና ላይ ከሥር በኩል እጅ ያስገባል፤ የኔው አያስገባም። ስለዚህ ዳሽቦርዱ መነሳት ነበረበት። የጥገና መጽሐፉም ገና መጀመሪያው ላይ «መሪውን ያውልቁ» ይላል። ሁለት ቃል ብቻ።

ቀላል ቀላሉን ቶሎ ልበለው። የፊት ጎማዎቹን ቀጥ አድርጉ። ሬዲዮው ኮድ ካለው ቀድማችሁ ጻፉት፣ ባትሪው ሲነቀል ሊጠይቃችሁ ይችላል። ከዚያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቱና ተመልሶ እንዳይነካ በጨርቅ ጠቅልሉት። አሁን ጠብቁ። መሪው መሃል ላይ ኤርባግ፣ ማለትም በግጭት ጊዜ ተነፍቶ ሹፌሩን የሚያድን ከረጢት አለ። እሱን የሚቆጣጠረው ሳጥን፣ በግጭት ጊዜ ባትሪው ቢቋረጥ እንኳ ኤርባጉን ማፈንዳት እንዲችል ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ ይይዛል። የቶዮታ መመሪያዎች 90 ሰከንድ ጠብቁ ይላሉ። ሌሎች አምራቾች ከዚያ በላይ የሚሉ አሉ። እኔ ሩብ ሰዓት እላለሁ። ምን ያስቸኩላል? ኤርባግ የሚነፋው ከ50 ሚሊ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ነው፣ ዞር ለማለት ጊዜ አይሰጥም።

ኤርባጉ ከመሪው ጎን ወይም ጀርባ በሚፈቱ ብሎኖች፣ አለዚያም በካቻቢቴ ተገፍቶ በሚለቅ የሽቦ መቆለፊያ ይያዛል። ሶኬቱ ብዙ ጊዜ ቢጫ ነው፤ መቆለፊያውን ሳታነሱ አትጎትቱት። ስትሸከሙት ሽፋኑ ከሰውነታችሁ ወደ ውጭ ይዙር። ስታስቀምጡትም ሽፋኑ ወደ ላይ ይሁን። በግንባሩ ደፍታችሁት ቢፈነዳ ዕቃው ራሱ ይወነጨፋል። በመልቲሜትር እለካዋለሁ ብላችሁም አትነካኩት።

ዳዶዋን ስትፈቱ መሪውን ሌላ ሰው ይያዝላችሁ። የመሪ ቁልፉ (የመኪናው ቁልፍ ሲነቀል መሪው እንዳይዞር የሚይዘው) ይይዘዋል ብላችሁ ኃይሉን እሱ ላይ ከጣላችሁ ቁልፉን ትሰብራላችሁ። መሪውና ዘንጉ የሚገናኙበት ላይ በቀለም ወይም በነጥብ ምልክት አድርጉ። አንዲት ጥርስ እንኳ ብትዛነፍ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ጠመም ያለ መሪ ይዛችሁ ትዞራላችሁ። አንድ ነገር ደግሞ አደራ፦ ዳዶዋን ሙሉ በሙሉ አታውጧት። አላልታችሁ ጫፉ ላይ ተዉአት። መሪው ሲለቅ በድንገት ነው የሚለቀው፤ እሷ ከሌለች የሚያርፈው ፊታችሁ ላይ ነው።

እስከዚህ ሁሉም ሰላም ነበር።

ዳዶዋ ላልታ መሪውን በሁለት እጄ ይዤ ሳብኩት። ዝም። አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ እያፈራረቅኩ፣ በጉልበቴም ከሥር እየገፋሁ ሞከርኩ። ብዙ መኪና ላይ ይሄ ይበቃል። እኔ ላይ እምቢ አለ። የዝገት ማስለቀቂያ ዘይት በዘንጉ ዙሪያ ጠብ ጠብ አድርጌ አሳደርኩት። ጠዋትም ያው ነው። መሪው የሚቀመጠው በዘንጉ ላይ ባሉ ቀጫጭን ጥርሶች ነው። ዳዶዋ ለዓመታት ወደ ውስጥ ስትጫነው ሁለቱ ብረቶች ይናከሳሉ፣ ዝገት ሲጨመርበት ደግሞ እንደተበየደ ያህል ይሆናል።

ምክር የጎረፈው ያኔ ነው። ዕድሜውን ጋራዥ ውስጥ የጨረሰ አንድ መካኒክ «ምን ትጨነቃለህ፣ ዳዶዋን ጫፍ ላይ አድርግና በመዶሻ በለው! እኔ ስንቱን አውልቄያለሁ» አለኝ። አልበልኩትም። የመሪው ዘንግ በግጭት ጊዜ የሹፌሩን ደረት እንዳይወጋ እርስ በርሱ እንዲገባ ተደርጎ የተሠራ ነው። አንዳንዶቹ ላይ ያንን ይዘው የሚያቆዩት ትንንሽ የፕላስቲክ ፒኖች ናቸው። በመዶሻ ስትሉት ፒኑ ቢሰበር ከውጭ ምንም አይታይም። መሪው ይወጣል፣ ይመለሳል፣ መኪናው ይሄዳል። ስንቱን አውልቄያለሁ የሚለው ሰውዬ ስንቱን ፒን እንደሰበረ አያውቅም፤ የሚያውቅበትም መንገድ የለውም። አሁንም ሳስበው ያናድደኛል፣ ምክንያቱም በዚያ ልበ ሙሉነት ስንት ሰው እንዳሳመነ እገምታለሁ።

ትክክለኛው መሣሪያ ፑለር ነው። ብዙ ጊዜ መሪው መሃል ላይ ጥርስ ያላቸው ሁለት ቀዳዳዎች አሉ። የፑለሩ ሁለት ብሎኖች እዚያ ይገባሉ፤ የመሃሉ ትልቅ ብሎን ዘንጉን ይገፋል፣ መሪው ይሳባል። ገዛሁ። ሳጥኑ ውስጥ ውፍረታቸውና ርዝመታቸው የተለያየ ብሎኖች ተደርድረዋል። ሽፋኑ ላይ አንድ ፎቶ አለ። መመሪያ የሚባል ነገር የለም፤ አንዲት ብጣሽ ወረቀት እንኳ።

ለኔ የሚገጥመው ስምንት ሚሊ ሜትሩ ሆነ። ብሎን ጠለቅ ብሎ ሲገባ በደንብ ይይዛል፣ ይሄን ማንም ያውቃል። እዚህ ቦታ ላይ ግን ይሄ እውቀት ወጥመድ ነው። የመሃሉን ብሎን ቀስ እያልኩ አጠበቅኩ። መጀመሪያ አንድ ትንሽ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ብረቱ መላቀቅ ጀመረ ብዬ ደስ አለኝ። ቀጥሎ ጧ! መሪው ለቀቀ፣ ዳዶዋም ያዘችው። ዳዶዋን አውጥቼ መሪውን ሳነሳ የመጀመሪያው ድምፅ ከየት እንደመጣ ገባኝ። የፑለሩ ብሎኖች መሪውን አልፈው በጀርባው ወጥተዋል፤ እዚያ ያለውን የፕላስቲክ ዕቃ ሰንጥቀውታል።

ያ ዕቃ ክሎክ ስፕሪንግ ይባላል። መሪው ይዞራል፣ የመኪናው ገመድ ግን አይዞርም። ስለዚህ የኤርባጉና የክላክሱ ኤሌክትሪክ የሚያልፈው እንደ ሜትር መለኪያ በተጠቀለለ ስስ ጥብጣብ ውስጥ ነው። መሪው ሲዞር ጥብጣቡ ይጠባል፣ ይላላል። ብዙዎቹ ከመሃል ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሁለት ተኩል ዙር ያህል ነው የሚሄዱት። ሲገጠም መሃሉን ካልያዘ፣ መሪውን እስከ መጨረሻው ባዞራችሁ ቀን ጥብጣቡ ይበጠሳል። የኤርባግ መብራት ይበራል፣ ክላክሱ ዝም ይላል።

እኔን የሚያበሳጨኝ ይሄንን የሚናገር አለመኖሩ ነው። የጥገና መጽሐፉ ስለ ዳዶዋ ጥብቀት በቁጥር ይናገራል። ስለ ብሎን ርዝመት ዝም። ፑለሩን የሸጠልኝም ስለ ፎቶው ጥራት እንጂ ስለዚህ አልነገረኝም። ስለዚህ እኔ ልንገራችሁ። ብሎን ከማስገባታችሁ በፊት ጫፏ ቆልመም ያለች ቀጭን ሽቦ በቀዳዳው አሳልፉና የጀርባውን ጠርዝ ያዙባት። በዚያ የብረቱን ውፍረት ለኩ። ያን ያህል ብሎኑ ላይ ለኩና ፕላስተር ለጥፉበት፣ ከዚያ መስመር በላይ እንዳይገባ። ጥርሱ ቢያንስ የብሎኑን ውፍረት ያህል ከያዘ መሪውን ለመሳብ ይበቃል። ብሎኖቹን በእጅ አስገቡ፣ በመፍቻ አይደለም።

የተሰነጠቀውን በሙጫ መጠገን፣ የተበጠሰ ጥብጣብ በሊድ መበየድ የሚሉ አሉ። ተዉአቸው። የኤርባጉ ሳጥን የዚያን መስመር ሬዚስታንስ (መስመሩ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ምን ያህል እንደሚቃወም) ሁልጊዜ ይቆጣጠራል፤ ትንሽ ለውጥ እንኳ መብራቱን ሊያበራው ይችላል። መብራቱን ለማታለል በኤርባጉ ቦታ ሬዚስተር፣ ያንኑ ሬዚስታንስ የሚያስመስል ትንሽ የኤሌክትሪክ ዕቃ፣ የሚገጥሙም አሉ። ያ ማለት ኤርባግ የሌለው መኪና ኤርባግ አለው ብሎ መንዳት ነው። አሮጌ ክሎክ ስፕሪንግም አልመክርም፣ ከመሃሉ ዞሮ እንደሆነ በምን ታውቃላችሁ? አዲሱ ብዙ ጊዜ መሃሉን የሚያስጠብቅ ማቆሚያ ይዞ ይመጣል። ገጥማችሁ እስክትጨርሱ ማቆሚያውን አትንቀሉ። የራሳችሁ ደህና ሆኖ ካወጣችሁት ደግሞ ወዲያው በፕላስተር እሰሩት፣ ማንም ልጅ መጥቶ እንዳያዞረው።

የሚቆጨኝ ግን ሌላ ነው። መሪው ጭራሽ መውለቅ አልነበረበትም። መጽሐፉ አውልቅ ስላለ አወለቅኩ። የመሪው ዘንግ በሙሉ ከዳሽቦርዱ ሥር በጥቂት ብሎኖች ነው የተሰቀለው። ከታች ያለው መገጣጠሚያ ምልክት ተደርጎበት ተፈትቶ፣ ሶኬቶቹ ተነቅለው፣ ዘንጉ ከነመሪው ወርዶ ወንበር ላይ ማረፍ ይችላል። ብዙ መኪና ላይ ዳሽቦርዱ በዚያ ይነሳል። ያኔም ቢሆን መሪው በነፃ መዞር የለበትም፣ በመቀመጫ ቀበቶ እሰሩት። የፍጥነትና የነዳጅ ማሳያዋን ብቻ ለማውጣት ከሆነማ ብዙ ጊዜ ዘንጉን ወደ ታች ዝቅ ማድረግ ይበቃል። መጽሐፉ የሚጻፈው ሁሉ መሣሪያ ላለው ጋራዥ ነው። ለናንተ አይደለም።

መመለሱ ቀላል ነው። ምልክቱን ከምልክቱ ጋር አገናኙ። አምራቹ አዲስ ዳዶ ቀይሩ ካለ ቀይሩ፣ እዚህ ላይ ከመጽሐፉ ጋር አልከራከርም። የጥብቀቱን ልክ በሚያሳይ መፍቻ (ቶርክ መፍቻ) አጥብቁት፤ ብዙ መኪኖች ላይ 50 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው፣ የራሳችሁን ግን አረጋግጡ። ባትሪው የሚገናኘው መጨረሻ ላይ ነው፣ ያኔም ሹፌር ወንበር ላይ ማንም አይቀመጥ። ኤርባጉ ሳይገናኝ ቁልፍ እንዳታዞሩ። ያዞራችሁ እንደሆነ ስህተቱ ይመዘገባል፣ ከዚያ ለማጥፋት ስካነር (የመኪናውን ስህተት የሚያነብ መሣሪያ) ያለው ሰው ፍለጋ ነው። ሁሉም ደህና ከሆነ የኤርባግ መብራቱ ቁልፍ ሲዞር ጥቂት ሰከንድ በርቶ ይጠፋል። የመንሸራተት መቆጣጠሪያው መብራት ቢበራ አትደንግጡ። አንዳንድ መኪና ላይ መሪውን ጥግ ድረስ ግራና ቀኝ ማዞር ይበቃዋል፤ አንዳንዱ የመሪውን አቅጣጫ የሚያነበው ሴንሰር በስካነር እንዲስተካከል ይፈልጋል። ክላክሱን ሞክሩ። ፍሬቻውም መሪው ሲመለስ ራሱ መጥፋቱን እዩ፣ ካልጠፋ ክሎክ ስፕሪንጉ በትክክል አልተቀመጠም ማለት ሊሆን ይችላል።

ያቺ ስትጮህ የነበረችው ሞተርስ? በሦስት ብሎን ነው የተያዘችው። ፈታሁ፣ አዲሷን ገጠምኩ። ስለ እሷ የምነግራችሁ ይሄው ነው።