የበረዶ ጨው የደፈነውን አፈር እንዴት እንዳዳንኩት

ሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ውስጥ ዊንተር ሲገባ በረዶውን እንዲያቀልጥ መንገዱም በራፉም ጨው ይነሰነስበታል። በረዶው ሲቀልጥ ከእግረኛ መንገዱ ጥግ ያለው መሬቴ ይጠጥራል፣ ውሃ ያቁራል፣ ሣሩ ይሞታል። ትንሽ ራቅ ብሎ የተከልኩት ጎመን ግን ምንም አይሆንም።

ማዳበሪያ ከመግዛቴ በፊት ከሁለቱም ቦታ አፈር ወስጄ ለሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የአፈር ላብራቶሪ ሰጠሁ። የጨው መጠኑም እንዲለካ ጠየቅኩ። ጥሩ አደረግኩ፤ ችግሩ ጨው ነበር። ማዳበሪያም ራሱ ጨው ስለሆነ ያባብሰው ነበር።

የመንገድ ጨው ሶዲየም ክሎራይድ ነው። ክሎራይዱን አፈር አይዘውም፤ ከውሃ ጋር ወደ ከርሰ ምድርና ወደ ሐይቆች ይሄዳል። ሶዲየሙ ግን እዚያው ይቀራል። የሸክላ አፈርን ቅንጣቶች አያይዞ የሚያቆየውን ካልሲየም አስለቅቆ ቦታውን ይይዛል። ያኔ ቅንጣቶቹ ይበታተኑና ቀዳዳውን ይደፍኑታል። ውሃም አየርም አያልፍም።

ለዚህ ነው ውሃ ብቻ ማፍሰስ የማያዋጣው። ጨዉ ታጥቦ ሶዲየሙ ሲቀር ሸክላው ይብስ ይበታተናል። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ ካልሲየም ያለበትን ጂፕሰም፣ ማለትም ጀሶ የሚሠራበትን ማዕድን፣ ከአፈሩ ጋር ቀላቀልኩ። ከዚያ በዝግታ ብዙ ውሃ አጠጣሁት። በመጨረሻ ኮምፖስት ጨመርኩ። እያደር ውሃው መስረግ ጀመረ፣ ሣሩም ያዘ። አሸዋማ አፈር ያለው ሰው ግን ለጂፕሰም ገንዘብ ባያወጣ ይሻላል፤ የሚፈታው የሸክላን ችግር ነው።

እኔን እስካሁን የሚከነክነኝ ያጠብኩት ክሎራይድ ነው። የሚኒሶታ የብክለት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት እንደሚለው አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው 19 ሊትር ያህል ውሃ ለዘለቄታው ይበክላል። ስለዚህ አሁን በረዶው ሳይረገጥ በአካፋ እዝቀዋለሁ። ብርዱ ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ ሴልሺየስ ካለፈ ተራው ጨው እምብዛም ስለማይሠራ አሸዋ እበትናለሁ። በሌላው ቀን 6 ሜትር ለሚሆን የመኪና መግቢያ አንድ ትልቅ የቡና ኩባያ ጨው ይበቃል።

ጎረቤቴ እማማ በባልዲ ነበር የሚደፉት። «ልጄ፣ ብወድቅስ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ በዚያ ዕድሜ መውደቅ ቀላል ነገር አይደለም። «እኔ በጠዋት እጠርግልዎታለሁ» አልኳቸው። አሁን የሁለታችንንም በራፍ የምዝቀው እኔ ነኝ። መሬቱ ከደረቀ በኋላ የተረፈውን ጨው በመጥረጊያ ሰብስበን ለሚቀጥለው በረዶ እናስቀምጠዋለን።