ለሞጁላ-2 ነፃ ኔቲቭ ኮምፓይለር ስፈልግ

ሰሞኑን አንድ የድሮ የሞጁላ-2 ኮድ እጄ ገባ። ወደ ሌላ ቋንቋ መቀየር አልፈለግኩም፣ እንዳለ ሊኑክስ ዎርክስቴሽኔ ላይ እንዲሰራልኝ ነው የፈለግኩት፣ እና በነፃ የሚገኝ ቀጥታ የማሽን ኮድ የሚያወጣ ኮምፓይለር ፍለጋ ገባሁ።

ለማታውቁት፣ ሞጁላ-2 ፓስካልን የሰራው ኒክላውስ ቪርት በ1970ዎቹ መጨረሻ ዙሪክ የሰራው ቋንቋ ነው። ሊሊት የምትባለው ዎርክስቴሽን ኦፐሬቲንግ ሲስተሟ ራሱ የተፃፈው በሱ ነው። በጣም ንፁህ ቋንቋ ነው፣ ዛሬም ሳነበው ደስ ይለኛል።

መጀመሪያ የሞከርኩት ኮዱን ወደ ሲ ቋንቋ የሚተረጉም ፕሮግራም ነበር። ኮምፓይል አደረገልኝ፣ ፕሮግራሙም ተነሳ፣ ግን መሃል ላይ ክራሽ ሲያደርግ ዲበገሩ (ስህተት መፈለጊያው ፕሮግራም) የሚያሳየኝ እኔ የማውቀውን መስመር ሳይሆን ማሽን የፃፈውን ሲ ነው፣ የቫሪያብሎቹ ስም ሁሉ ተቀይሯል፣ ሁለት ማታ ሙሉ የቱ መስመር ከየቱ እንደመጣ ሳዛምድ አለቀ። ኔቲቭ ኮምፓይለር ለምን እንደሚያስፈልግ የገባኝ ያኔ ነው፣ የፍጥነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ጀርመን ካርልስሩኸ ዩኒቨርሲቲ የተሰራው ሞካ የሚባለው ኮምፓይለርም ኔቲቭ ነው፣ ሊኑክስ ላይ ግን የሚያወጣው 32 ቢት ኮድ ስለሆነ ለኔ አልሆነም።

የሆነልኝ ጂኤም2 (ግኑ ሞጁላ-2) የሚባለው ኮምፓይለር ነው። ለብዙ ዓመት ከጂሲሲ (ከግኑ የኮምፓይለሮች ስብስብ) ውጪ ለብቻው ሲሰራ ቆይቶ በ2023 እ.ኤ.አ ከጂሲሲ 13 ጋር አብሮ ወጣ። ከሶርስ የምትገነቡ ከሆነ ግን ኮንፊገር ስታደርጉ የቋንቋዎቹ ዝርዝር ውስጥ ኤም2ን ራሳችሁ ጨምሩ። ላይሰንሱ ጂፒኤል (የነፃ ሶፍትዌር ፈቃድ) ነው፣ ራንታይም ላይብረሪው (ከፕሮግራማችሁ ጋር የሚያያዘው ኮድ) ላይ ግን ልዩ ፈቃድ ስላለው በሱ የምትሰሩት ፕሮግራም የግድ ጂፒኤል መሆን የለበትም። ጂዲቢ በሚባለው ዲበገር ብሬክፖይንት (ፕሮግራሙ የሚቆምበት ቦታ) ሳደርግ የራሴ ፋይል፣ የራሴ መስመር መጣልኝ፣ እንዴት ደስ እንዳለኝ!

አንድ ነገር ግን ኮምፓይለር ከማውረዳችሁ በፊት እዩ፣ ኮዳችሁ የትኛው ሞጁላ-2 ነው? ዴፊኒሽን ፋይሉን (ሞጁሉ ለሌሎች የሚያቀርበው የተዘረዘረበትን) ክፈቱ። ኤክስፖርት ኳሊፋይድ የሚል ዝርዝር ካለው ቪርት ስለ ቋንቋው የፃፈው ፕሮግራሚንግ ኢን ሞጁላ-2 (ባጭሩ ፒም) የተባለው መፅሐፍ ሁለተኛ እትም ዘመን ኮድ ነው፣ ከሶስተኛው እትም ጀምሮ ያ ዝርዝር ቀርቷል። ኢንአውት የሚባለውን ሞጁል ኢምፖርት ካደረገ የመፅሐፉ ዘዬ ነው፣ ኤስቴክስትአይኦ ካለ ደግሞ በ1996 እ.ኤ.አ የወጣው የአይሶ (የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት) ስታንዳርድ ነው። ጂኤም2 ሁሉንም ይቀበላል፣ የቱ እንደሆነ በኦፕሽን ንገሩት ብቻ። የኔው ላይ ኤክስፖርት ኳሊፋይድ ነበረበት፣ እኔ ግን አይሶ ነው ብዬ ነበር የጀመርኩት፣ ኦፕሽኑን ወደ ፒም2 (የመፅሐፉ ሁለተኛ እትም) ስቀይረው ከስህተቶቹ አብዛኞቹ ጠፉ፣ የቀሩትን አሁን አንድ በአንድ እያየኋቸው ነው።