ወፍራም ስፖንጅ አታሎኝ፦ የሚመች የሳይክል ቁምጣ እስካገኝ ያየሁት አበሳ

ሳይክል መንዳት የጀመርኩት በታይት ነው። ያው ለጂም የምለብሰው ጥቁር ታይት፣ ውስጡ ፓንት፣ ከላይ ረዘም ያለ ቲሸርት፣ በቃ። መጀመሪያ አካባቢ ምነዳው ግማሽ ሰዓት ምናምን ስለነበረ ምንም አልተሰማኝም፣ ከዛ አንድ ቀን ከጓደኛዬ ጋር ሁለት ሰዓት ተኩል ነድተን ተመለስንና ሻወር ገብቼ ውሃው ሲነካኝ ጮህኩ። የምሬን ነው፣ ታላቅ እህቴ በሩ ላይ መጥታ "ወደቅሽ እንዴ?" እስክትል ድረስ። የፓንቴ ላስቲክ ያረፈበት ቦታ ብሽሽቴ ላይ በቀይ እስክሪብቶ የተሰመረ ይመስላል፣ የታይቱ የመሃል ስፌት የሰራኝ ስራ ደግሞ... እሱን ተዉት፣ ትገምቱታላችሁ።

(ከመቀጠሌ በፊት፣ እዚህ ላይ መቀመጫ ስል የራሴን መቀመጫ ነው። የሳይክሉን ግን ኮርቻ እለዋለሁ። አለዚያ መሃል ላይ እንደናገራለን።)

ጓደኛዬ ከኔ በፊት ብዙ አመት የነዳች ናት፣ ስነግራት ሳቀችና "ፓድ ያለው ቁምጣ ግዢ እንጂ" አለችኝ፣ ውስጡ መቀመጫ ጋ ስፖንጅ የተሰፋበት ማለቷ ነው። እኔ ደግሞ ገባኝ ብዬ፣ ችግሩ ኮርቻው ስለሚጠነክር ነው፣ መፍትሄው ስፖንጅ ነው፣ እንግዲያው ስፖንጅ በበዛ ቁጥር ይመቻል ብዬ ካየኋቸው ሁሉ በጣም ወፍራሙን መርጬ ገዛሁ። እቤት ለብሼው ስቀመጥ ሶፋ ነው። መንገድ ላይም የመጀመሪያዋ ሃያ ደቂቃ ሶፋ ነበረች። ከዛ ስፖንጁ ከስሬ ጠፋ። አጥንቴ ያለበት ቦታ ላይ ተጨፍልቆ ወረቀት ሆነ፣ የቀረው ደግሞ ወደ ፊትና ወደ ጎን ሸሽቶ መከመር የሌለበት ቦታ ላይ ተከመረ፣ ላቤን ጠጥቶ ከበደ፣ ወርጄ ስራመድ ዳይፐሩ እንደሞላ ህፃን እግሬን ከፍቼ ነው።

በኋላ ላይ ነው ሁለት ስህተት በአንዴ እንደሰራሁ የገባኝ። አንደኛው ውፍረትና ጥንካሬን አንድ አድርጌ ማየቴ ነው። ለረጅም መንገድ የሚፈለገው የሚነፋ ስፖንጅ ሳይሆን ጥቅጥቅ ያለ ስፖንጅ ነው፣ ቀጠን ብሎም ቢሆን ክብደት ሲያርፍበት እጅ የማይሰጥ። እንደውም አንዳንድ አምራቾች ጥቅጥቅነቱን በኪሎ ግራም በሜትር ኩብ ይፅፉታል፣ ቁጥሩ ከፍ ሲል ስፖንጁ ይበልጥ ጥቅጥቅ ያለ ነው ማለት ነው። ካልተፃፈ ደግሞ እኔ ማደርገው፣ ፓዱን ከኋላ ወፈር ያለበት ቦታ ላይ በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ ጭምቅ አድርጌ እይዛለሁ፣ ጣቶቼ ያለምንም ችግር ከተገናኙ ኮርቻውና አጥንቴም ይገናኛሉ ማለት ነው፣ እመልሰዋለሁ።

ሁለተኛው ስህተት ቁምጣው የወንድ መሆኑን አለማየቴ ነው። ቀለሙ ጥቁር፣ ሳይዙ ልክ፣ ምን ልይ ታዲያ? ግን ገልብጣችሁ ውስጡን ብታዩት ልዩነቱ ግልጥ ያለ ነው። የወንዱ ፓድ ወደ ፊት ረዝሞ ይወጣል፣ ለነሱ አካል ተብሎ የተሰራ ነው። የሴት ፓድ ከኋላ ሰፋ ይላል፣ ከፊት አጠር ብሎ ለስላሳና ዝርግ ነው፣ ጥሩ ከሆነ ደግሞ መሃል ለመሃል የሚያልፍ ስፌት የለውም። ዋናው ነገር ይሄ ስፌት ነው። አሁን ቁምጣ ስገዛ መጀመሪያ ገልብጬ እጄን ከፊት እስከ ኋላ አሳልፋለሁ፣ ጣቴን የሚቧጥጥ ጠርዝ ካለ ሌላውን ነገር ሁሉ ቢያሟላ እንኳን አልደራደርም።

ፓዱን "ሻሚ" ሲሉት ሰምታችሁ ከሆነ፣ ድሮ ሻሟ ከሚባል ፍየል መሳይ የተራራ እንስሳ ቆዳ ስለሚሰራ ነው። ቆዳው ታጥቦ ሲደርቅ ድርቅ ስለሚል ክሬም እየቀቡ ያለሰልሱት ነበር። ዛሬ ፓዱ ከሞላ ጎደል ሁሌም በሰው ሰራሽ ጨርቅ ነው የሚሰራው፣ ክሬሙም ለቁምጣው ሳይሆን ለኛ ቆዳ ሆኗል።

እሺ፣ ሰፊው የፓዱ ክፍል የኔ አጥንት ላይ ማረፉን በምን አውቃለሁ? እዚህ ጋ ነው ካርቶኑ የመጣው። ስንቀመጥ ክብደታችንን የሚሸከሙት ሁለት የመቀመጫ አጥንቶች አሉ፣ በመሃላቸው ያለው ርቀት ደግሞ ከሰው ሰው ይለያያል፣ የሴት በአማካይ ከወንድ ሰፋ ይላል እንጂ በዳሌ ስፋት አይገመትም። ሞገድ ሞገድ ያለውን የዕቃ ካርቶን ቆርጬ ጠንካራ አጠር ያለ በርጩማ ላይ አነጠፍኩና በስስ ቁምጣ ተቀመጥኩበት፣ ወደ ፊት ጎንበስ አልኩ፣ እግሬን ከመሬት አነሳ አደረግኩና ትንሽ ቆየሁ። እህቴ በዚህ መሃል ገብታ "እንቁላል ታቅፈሽ ነው?" ብላኝ ወጣች። ስነሳ ካርቶኑ ላይ ሁለት ጎድጎድ ያሉ ቦታዎች ነበሩ፣ በደንብ ካልታያችሁ የእርሳስ ጎን አሹበት፣ ወዲያው ይወጣል። ከአንዱ መሃል እስከሌላው መሃል በማስመሪያ ለካሁ፣ 13 ሴንቲ ተኩል። ያንን የመጀመሪያውን ቁምጣ አምጥቼ ማስመሪያውን ስዘረጋበት ጠንካራው ክፍል 11 ሴንቲ እንኳን አይሞላም። ለካ ሁለት ወር ሙሉ ስፖንጁ ጠርዝ ላይ ነው ተቀምጬ የነዳሁት!

ሁለተኛውን ስገዛ ፓዱ ልክ ሆነ፣ ግን በሌላ በኩል ተበላሁ። ጥብቅ ማለቱ ስላሳፈረኝ አንድ ሳይዝ ከፍ አድርጌ ገዛሁ። መስታወት ፊት ቆሜ ሳየው ደስ ይላል፣ አይይዝም፣ አያሳይም። ችግሩ ቁምጣው ሰፋ ካለ ፓዱ ቆዳዬ ላይ አይቆምም፣ ፔዳል በመታሁ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ይንሸራተታል፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ደግሞ ፔዳሉ ስንት ሺህ ጊዜ እንደሚዞር አስቡት፣ ጭኔ ውስጥ ውስጡን እንደ ሞረድ ፈተገኝ። ጥብቅ የሆነው ለማማር አይደለም፣ ፓዱ አብሮን እንዲንቀሳቀስ ነው። ጥብቀቱ ያሳፈራት ካለች እኔ አሁንም አንዳንዴ ማደርገው፣ ልኩን ባለፓድ ቁምጣ ከውስጥ ለብሶ ከላይ ሰፊ ቀለል ያለ ቁምጣ ወይ ቀሚስ ነገር መደረብ ነው። የላይኛው እንደፈለገ ይስፋ፣ የውስጠኛው ግን ቆዳ ላይ ይጣበቅ።

ቆሞ መለካትን ተውኩት። ሳይክል በአብዛኛው የሚነዳው ተቀምጦ ነው። መለኪያ ክፍል ውስጥ ማኑብሪዮ (የሳይክሉን መሪ) እንደያዘ ሰው ጎንበስ እላለሁ፣ ወንበር ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ አንድ አንድ ጉልበቴን ወደ ደረቴ አመጣለሁ፣ የሚያየኝ ሰው ቢኖር ምን ይለኝ ነበር። ጥሩ ቁምጣ ቆማችሁ ስታዩት ከፊት ሰብሰብ፣ ከኋላ ለቀቅ ያለ ሊመስል ይችላል፣ ጎንበስ ስትሉ ነው ቦታውን የሚይዘው። ወገቡም እንደዛው ነው፣ ቀጭን ላስቲክ ቆመን ሲመች ቆይቶ ጎንበስ ስንል ሆድን ለሁለት ይከፍላል፣ ሰፋ ብሎ ከፍ የሚል ወገብ ይሻላል። ሌላው ጎንበስ እንዳላችሁ ከኋላ አንድ ሰው በብርሃን ይይላችሁ፣ ጨርቁ ሲለጠጥ የሚያሳይ ስንት አለ መሰላችሁ።

ባለማንገቻውንም ሞክሬዋለሁ። ወገብ ላይ ምንም የሚይዝ ነገር ስለሌለ ለረጅም መንገድ እሱን የሚያህል የለም፣ ግን ሽንት ቤት ስትገቡ ከላይ የለበሳችሁትን ሁሉ ማውለቅ ነው፣ ላብ ባለበት ሰውነት ደግሞ መልሶ መልበሱ ትግል ነው። ከኋላ በዚፕ ወይ በመያዣ ማንገቻው ሳይወልቅ ዝቅ የሚል የሴት ሞዴል አለ፣ ከገዛችሁ እሱን ግዙ። እኔ ለአጭር መንገድ ወገብ ያለውን፣ ከሶስት ሰዓት በላይ ከሆነ ማንገቻውን ነው ምለብሰው። የእግሩ ጫፍ ላይ ያለችው የሲሊኮን ላስቲክ ቀጭን ከሆነች ጭንን እንደ ገመድ ታስራለች፣ ለአንዳንድ ቆዳም ታሳክካለች፣ ሰፊ ይሁን። ጭናቸው የሚነካካ ደግሞ ረዘም ያለውን ይውሰዱ፣ አጭሩ ወደ ላይ ይጠቀለላል።

አሁን ወደማይወራው እንግባ። ፓንት አይለበስም። አዎ፣ ምንም። ከሁሉም በላይ ለመቀበል ጊዜ የወሰደብኝ ይሄ ነው፣ ጓደኛዬ ሶስቴ ነግራኝ ሶስቴ "እሺ" ብዬ ለብሼ ነው የሄድኩት። ግን አስቡት፣ ስፌት የሌለው ፓድ መርጣችሁ ገዝታችሁ ከዛ ስፌትና ላስቲክ ያለው ጥጥ ታስገቡበታላችሁ፣ ጥጥ ደግሞ ላብ ይዞ ይቀመጣል። የወር አበባ ላይ ሞዴስ ፓዱ ላይ ስለጥፍ ጠርዙ እየተጣጠፈ ስላስቸገረኝ ወደ ካፕ (ውስጥ ገብቶ ደሙን የሚይዝ ትንሽ ኩባያ) ዞርኩ፣ ለኔ ሰርቷል። የብሽሽት ፀጉርን ደግሞ ከመንዳት በፊት ሙልጭ አድርጋችሁ አትላጩ፣ ተመልሶ ሲበቅል ከላቡና ከፍትጊያው ጋር ወደ ውስጥ እየገባ ይቆስላል፣ በመቀስ ማሳጠር ይበቃል።

ቆዳ እንዳይፈተግ በሚቀባው ክሬም ላይም አንድ ቅሌት አለብኝ። ከጓደኛዬ ወንድም ተውሼ ሳላነብ ቀባሁ፣ ለካ ሜንቶል አለበት። እሳት። ወደፊትም ወደኋላም የማይባልበት እሳት፣ መንገድ ዳር ሳይክሌን ይዤ ቆሜ አይኔ እንባ አቀረረ። ሽታና ሜንቶል የሌለበትን ነው የምትፈልጉት።

ከዚህ ሁሉ በኋላ እንኳን በቀኝ በኩል ብቻ አንድ ቦታ እየቆሰለ አስቸገረኝ፣ ሌላ ቁምጣ ልገዛ ስል ጓደኛዬ ከኋላዬ ስትነዳ አይታኝ "ዳሌሽ ይወዛወዛል እኮ" አለች። ኮርቻዬ ከፍ ብሎ ኖሯል፣ ፔዳሉ ታች ሲደርስ ለመድረስ ወደ ጎን እዘነበላለሁ፣ በዛው እፈተጋለሁ። ትንሽ ዝቅ አደረግነው፣ በሳምንቱ ቁስሉ ደረቀ። ለዚህኛው የትኛውም ቁምጣ መድሃኒት አልነበረም።

አስተጣጠቡን በአጭሩ፣ አንዴ ከተነዳበት ይታጠባል፣ ሳይታጠብ ድጋሚ አይለበስም። ተገልብጦ፣ በቀዝቃዛ ወይ ለብ ባለ ውሃ፣ ጥላ ስር ይሰጣል። በረኪናና የልብስ ማለስለሻ ክልክል ነው፣ ማለስለሻው ጨርቁ ላይ ተለጥፎ ላብ እንዳያስወጣ ያደርገዋል። ፓዱ ውስጡ እስኪደርቅ ጊዜ ስለሚፈጅ ሁለት ቁምጣ ቢኖር ጥሩ ነው። እና ደግሞ ነድታችሁ እንደጨረሳችሁ ቀይሩ! እኔ አንዴ ጨዋታ ይዞኝ በላብ የራሰ ቁምጣ እንደለበስኩ ቁጭ ብዬ ቆየሁና ብጉንጅ ወጥቶብኝ አስር ቀን ሳይክል አልነካሁም። እንዲህ አይነቱ እየሰፋ፣ እየሞቀ ከሄደ ወይ ትኩሳት ካመጣ ሀኪም ጋ ነው፣ ማፍረጥ የለም።

በቅርቡ እህቴ እሷም ልጀምር አለችና ቁምጣዬን ልትዋስ መጣች። የላብ ዕቃ አላውስም ብዬ ካርቶን አመጣሁላት። ያቺ እንቁላል ታቅፈሽ ነው ያለችኝ ቁጭ አለችበት፣ ለካናት፣ 11 ሴንቲ ተኩል። ዳሌዋ ከኔ በጣም ይሰፋል እኮ። ሁለታችንም ማስመሪያውን ደግመን አየነው።