ኢንተርፌስና አብስትራክት ክላስ፦ ሁለት ሜተድ ጽፌ ሙሉ ሊስት ያገኘሁበት ሙከራ

በጃቫ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ኢንተርፌስ አንድ ክላስ የትኞቹ ሜተዶች (ሥራ የሚሠሩ የኮድ ክፍሎች) ሊኖሩት እንደሚገባ የሚናገር ውል ነው፤ አብስትራክት ክላስ ደግሞ ሌሎች ክላሶች ወርሰው የሚያሟሉት ያልተሟላ ክላስ ነው። ልዩነታቸው ምንድን ነው ሲባል፦ «ኢንተርፌስ ውስጥ ኮድ አይጻፍም፤ አብስትራክት ክላስ ውስጥ ግን ይጻፋል።» ጃቫ የጀመረ ሁሉ ይህችን መልስ ይሸመድዳታል። ጊዜዋ ካለፈ ግን ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2014 ጃቫ 8 ሲወጣ፣ ኢንተርፌስም «ዲፎልት» የሚባል ከነሥራው የተጻፈ ሜተድ እንዲይዝ ተፈቀደለት። ታዲያ ልዩነቱ ምኑ ላይ ቀረ? ሰሞኑን ስቆፍር የከረምኩት ይህንን ነው። ትርጓሜ ከማነብ የጃቫን የራሱን ኮድ ከፍቼ ማየት መረጥኩ። እናንተም ብትሞክሩት ደስ ይለኛል።

የጀመርኩት ከሊስት ነው። «ሊስት» አባላትን በቅደም ተከተል ለሚይዙ ክላሶች የተዘጋጀ ኢንተርፌስ ነው። ከሱ ሥር «አብስትራክት ሊስት» የሚባል አብስትራክት ክላስ አለ። በየቀኑ የምንጠቀምበት «አሬይ ሊስት» ደግሞ እሱን ይወርሳል። ሊስትን በቀጥታ ኢምፕሊመንት ላድርግ (ሜተዶቹን ራሴ ልጻፍ) ካላችሁ ከ20 በላይ ሜተድ መጻፍ ይጠበቅባችኋል። አብስትራክት ሊስትን ከወረሳችሁ ግን ሁለት ብቻ ይበቃል፦ በተሰጠው ቦታ ያለውን አባል የሚመልሰው «ጌት» እና ብዛቱን የሚናገረው «ሳይዝ»።

እውነት ሁለት ይበቃል? ከ1 እስከ 1,000,000 ያሉ ቁጥሮችን የሚወክል ክላስ ጻፍኩ። ቁጥሮቹ ሜሞሪ ላይ የሉም። ቦታ የሚቆጠረው ከ0 ስለሆነ፣ ጌት በተሰጠው ቦታ ላይ 1 ደምሮ ይመልሳል፤ ሳይዝ «ሚሊዮን» ይላል፤ አለቀ። በፎር ሉፕ ዞርኩበት፣ ሠራ። ከመሃሉ ሰብሊስት (የሊስቱን ከፊል) ቆረጥኩለት፣ ሠራ። ስትሪምም (አባላቱን በተራ እያሳለፈ የሚያሠራ መንገድ) ከፈትኩበት። አባል ልጨምርበት ስል ግን ኤክሴፕሽን (ሥራውን የሚያቋርጥ የስህተት ምልክት) ወረወረ። ትክክል ነው፤ መጨመሪያውን መቼ ጻፍኩለትና!

በነጻ የመጣ ነገር ሁሉ ግን ፈጣን አይደለም። «ኮንቴይንስ» የምትፈልጉትን ቁጥር ከመጀመሪያው ጀምሮ አንድ በአንድ እያየ ነው የሚያስሰው። የሌለ ቁጥር ስትጠይቁት ሚሊዮኑን ሁሉ ይዞራል። እኔ ደግሞ መልሱን በሁለት ማነጻጸሪያ ማወቅ እችላለሁ፦ ከ1 አያንስም? ከሚሊዮን አይበልጥም? ስለዚህ ኦቨርራይድ አደረግኩት፤ ማለትም በራሴ ኮድ ተካሁት። የአብስትራክት ክላስ ጥቅሙ አንዱ ይህ ነው። የሚሠራ ነገር ይሰጣችኋል፤ የተሻለ ካላችሁ አንዱን ብቻ መርጣችሁ ትቀይራላችሁ።

«ይህማ በዲፎልት ሜተድም ይሆናል» የሚል አይጠፋም። አብዛኛው አዎ፣ ይሆናል። አብስትራክት ሊስት ውስጥ ግን «ሞድካውንት» የሚባል ፊልድ (ክላስ ውስጥ ዋጋ የሚያዝበት ቦታ) አለ፤ ነገሩ የጠራልኝ እሱ ጋ ስደርስ ነው። ሞድካውንት በሊስቱ ላይ አባል ሲጨመር ወይም ሲጠፋ ከፍ የሚል ቁጥር ነው። በሉፕ ጊዜ አባላቱን አንድ በአንድ የሚያቀርበው ኢተሬተር ሥራ ሲጀምር ይህን ቁጥር ይይዛል። መሃል ላይ ተቀይሮ ካገኘው ኤክሴፕሽን ይወረውራል። ሉፕ ውስጥ ሆናችሁ ከዚያው ሊስት ላይ አባል ስታጠፉ የሚመጣው የታወቀ ጣጣ ምንጩ ይኼ ነው።

ይህ ቁጥር ለእያንዳንዱ ሊስት የየራሱ መሆን አለበት። ኢንተርፌስ ውስጥ የተጻፈ ፊልድ ደግሞ፣ እናንተ ባትጽፉትም፣ ፐብሊክ፣ ስታቲክና ፋይናል ነው። ማለትም ለሁሉም አንድ፣ ያውም የማይለወጥ። ስለዚህ ሞድካውንት ኢንተርፌስ ውስጥ መኖሪያ የለውም። አሁን ሁለቱን ስለይ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ ኦብጀክቱ ለራሱ የሚይዘው፣ የሚለዋወጥ ነገር አለ ወይ? ኦብጀክት ሲፈጠር ፊልዶቹን የሚያሰናዳው የኮንስትራክተሩም ጉዳይ ከዚሁ ይመጣል። የሚያሰናዳው ፊልድ ከሌለ ኢንተርፌስ ኮንስትራክተር ምን ያደርግለታል?

ሌላም ገደብ አለ። ኢንተርፌስ ውስጥ እኩልነትን የሚያየውን «ኢኳልስ»ን ዲፎልት አድርጌ ስጽፍ ኮምፓይለሩ (ኮዱን የሚፈትሸውና የሚተረጉመው ፕሮግራም) በጭራሽ አለ። የክላሶች ሁሉ ወላጅ ከሆነው ከኦብጀክት ክላስ የሚወረሱትን ኢኳልስን፣ ሃሽኮድንና ቱስትሪንግን በዲፎልት መተካት አይቻልም። ለዚህም ነው ሁለት ሊስቶች መቼ እኩል እንደሚባሉ ደንቡን ሊስት ሲናገር፣ ኮዱን ግን አብስትራክት ሊስት ውስጥ የምታገኙት።

ዲፎልት የመጣበት ምክንያት ራሱ ደስ ይላል። እንደ ሊስት ያሉት የኮሌክሽን ኢንተርፌሶች እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ አሉ። ስትሪምን ለመጨመር ሲፈለግ፣ ኮሌክሽን ላይ አዲስ አብስትራክት ሜተድ ቢደረግ ኖሮ ኢንተርፌሱን በራሱ ኢምፕሊመንት ያደረገ ሰው ሁሉ ኮዱ ኮምፓይል አይሆንለትም ነበር። በዲፎልት ሲገባ የድሮው ኮድ ሳይነካ ቀጠለ። ሁለት ኢንተርፌሶች አንድ ዓይነት ዲፎልት ይዘው ቢጋጩስ? ኮምፓይለሩ ያስቆማችሁና ራሳችሁ ኦቨርራይድ አድርጋችሁ እንድትመርጡ ያስገድዳችኋል። አንዱ ሜተድ ከወላጅ ክላስ የመጣ ከሆነ ግን የክላሱ ያሸንፋል።

በራሴ ኮድ ውስጥ አሁን የማደርገው የሊስትን አካሄድ ነው። ለውጭ ተጠቃሚ የማሳየው ኢንተርፌሱን ነው። ክላስ የሚወርሰው አንድ ወላጅ ብቻ ስለሆነ፣ ያቺን አንድ ዕድል ማንም ላይ አልጭንበትም። አብስትራክት ክላሱን ከጎኑ አስቀምጣለሁ፤ የሚመቸው ይወርሰዋል፣ ሌላ ወላጅ ያለው ኢንተርፌሱን ብቻ ይወስዳል። ሁለት ክላስ ብቻ ላለው ትንሽ ፕሮግራም ግን ይህ ሁሉ ጣጣ አያስፈልግም ባይ ነኝ።

ቀጥሎ የምሞክረው ቁልፍን ከዋጋ ጋር ለሚያጣምረው ለማፕ የተዘጋጀውን «አብስትራክት ማፕ»ን ነው። ለማይለወጥ ማፕ የሚጠይቀው አንድ ሜተድ ብቻ ነው፦ ኤንትሪዎቹን፣ ማለትም የቁልፍና የዋጋ ጥንዶቹን፣ የሚሰጠው «ኤንትሪሴት»። «ጌት» በነጻ ሲመጣ ቁልፉን የሚያገኘው ኤንትሪዎቹን አንድ በአንድ እያየ ስለሆነ፣ መጀመሪያ ኦቨርራይድ የማደርገው እሱን ነው።