ለሞት ለቀረበ ሰው የሚገባው ጸሎት

በመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ላደግን ሰዎች የታመመን መጠየቅ ማንም ሳያዝዘን የምናደርገው ነገር ነው። ባሕር ዳር ውስጥ አንድ ምዕመን ከተኛ፣ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ሽማግሌዎች፣ እናቶችና መዘምራን በባጃጅ ተሳፍረው ሽምብጥም ሆነ ከዓባይ ድልድይ ማዶ ድረስ ይሄዳሉ፤ ይዘመራል፣ ቃል ይነበባል፣ ስለ ፈውስ አጥብቆ ይጸለያል። ይህ መልካም ነው። እኔን ሲከነክነኝ የኖረው ግን ስለ ፈውስ የምንጸልየውን ያህል፣ መሞቻው ለደረሰ ሰው መጸለይን አለመልመዳችን ነው።

በአገራችን ክፉ ወሬ ለባለቤቱ ቶሎ አይነገርም። የምርመራው ውጤት ብዙ ጊዜ የሚነገረው ለልጅ ወይም ለወንድም ነው፤ ቤተሰቡ ይደብቃል፣ ጠያቂውም «አይዞህ፣ ትድናለህ» ብሎ ይወጣል። ታማሚው ግን በአብዛኛው ያውቃል። ያወቀውን የሚያዋየው ሰው ያጣል፤ ሞቱን ቢያነሣም እምነቱ እንደ ጎደለ ይቆጠርበታል። ከሕመሙ በላይ የሚጎዳው ይህ ብቸኝነት ይመስለኛል።

በቅርቡ ያስታመምናቸው አንድ አዛውንት ነበሩ። ጠያቂው ጸልዮ ከወጣ በኋላ፣ ከንፈራቸውን በእርጥብ ጥጥ ሳረጥብላቸው በዓይናቸው በሩን እንድዘጋ ጠቆሙኝና «ልጄ፣ ከወንድሜ ሳልታረቅ ልሄድ ነው?» አሉኝ። በርስት ተቀያይመው ብዙ ዘመን ሳይነጋገሩ ኖረዋል። ታናሽ ወንድማቸው ኦርቶዶክስ ናቸው፤ ዘጌ ይኖራሉ። ሲላክባቸው በማግስቱ በጀልባ መጡ፤ ገና ከደጃፍ «አያ፣ ይቅር በለኝ» ብለው አልጋው ሥር ተንበረከኩ። ከዚያ በኋላ ቄሳችን የጌታን እራት አቀበሏቸው። መዋጥ አቅቷቸው ስለ ነበር ከኅብስቱ የጥፍር ያህል ተቆርሶ፣ በወይኑ ተነክሮ ነው የተሰጣቸው።

የቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት የሚከተለው ጀርመናዊው የተሐድሶ መሪ ማርቲን ሉተር እ.ኤ.አ. በ1519 ለሞት ስለ መዘጋጀት በጻፈው ስብከት ያስቀመጠው ቅደም ተከተል ይህንኑ ይመስላል። አስቀድሞ ሰው ከሞተ በኋላ በቤተሰቡ መካከል ጠብ እንዳይነሣ ንብረቱን መልክ ያስይዝ ይላል፤ ቀጥሎ የበደሉትን ከልብ ይቅር ይበል፣ የበደላቸውንም ይቅርታ ይጠይቅ፤ ከዚያ በኋላ ዓይኑን ወደ እግዚአብሔር ብቻ ያንሣ። ሞትን ማሰብ የሚገባን ገና ርቆ ሳለ እንደ ሆነ፣ በቀረበ ጊዜ ግን የሞትን፣ የኃጢአትንና የሲኦልን መልክ በራሳችን ውስጥ ሳይሆን ድል በነሣቸው በክርስቶስ ላይ ማየት እንዳለብን ያስተምራል። ቅዱስ ቁርባን ለሚሞተው ሰው ትልቅ ነገር የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ደካማው ሰው በራሱ እምነት ብርታት ላይ ሳይሆን፣ ለእርሱ በስሙ በተሰጠው ተስፋ ላይ ያርፋልና።

በብዙ የሉተራን አብያተ ክርስቲያናት ከጌታ እራት በኋላ ጉባኤው ሽማግሌው ስምዖን ሕፃኑን ኢየሱስን ታቅፎ ያለውን «አሁን እንደ ቃልህ ባሪያህን በሰላም ታሰናብተዋለህ» የሚለውን ይዘምራል። ጤነኛው ወጣት ሳይቀር የሚሰናበትን ሰው ጸሎት በአፉ እየለመደ ያድጋል ማለት ነው። እኛም ይህን በጉባኤ አዘውትረን ብንለው፣ አልጋ አጠገብ ስንቆም ቃል አይጠፋንም ነበር። ሲመሽ በለሆሳስ የሚነበብ «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» እና አባታችን ሆይ፣ ድምፅን ከፍ አድርጎ ከሚደረግ ረጅም ጸሎት ይልቅ ለደከመ ሰው ይስማማሉ። መዝሙሩም ቢሆን የሚያውቀው ይሁን፤ መናገር ያቃተው ሰው ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ አይቻለሁና።

የሥጋውም ሥቃይ ሊዘነጋ አይገባም። መካነ ኢየሱስ በ1964 ዓ.ም. ለውጭ አጋሮቿ በጻፈችው ደብዳቤ፣ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊ በነበሩበት ዘመን፣ የሰውን ሥጋና ነፍስ ነጣጥሎ ማገልገል እንደማይገባ ተናግራለች። እኛ ግን ሕመም ማስታገሻን የእምነት ማነስ አድርገን የምናይበት ጊዜ አለ። ሐኪም ያዘዘው የሚጠጣ ሞርፊን ሕመሙ እስኪበረታ ሳይጠበቅ በየአራት ሰዓቱ ተሰጥቶ ሰውየው ጋብ ካለለት፣ ከልጆቹ ጋር ለመነጋገርም ሆነ ለመጸለይ ዐቅም ያገኛል። ሰዓቱን እየጠበቀ ሌሊት ተነሥቶ የሚሰጥ ዲያቆን እያገለገለ ነው።

ለማኅበረ ምዕመናናችን ሽማግሌዎች ያቀረብሁት አሳብም ይህን የሚመለከት ነው። ከብዙ ሰው ጉብኝት በኋላ ታማሚው የሚቀርባቸው ሁለት ሰዎች ብቻቸውን ተመልሰው ይሂዱ፤ ቸኩለው ሳይጸልዩ «ልብዎን የሚከብድ ነገር አለ?» ብለው ይጠይቁ፤ ከዚያም ዝም ብለው ይስሙ። ቤተሰቡ ከሁለት እምነት በሆነበት ቤት ደግሞ፣ የት መቀበር እንደሚፈልግና ምን እንዲነበብለት እንደሚሻ ከአንደበቱ ሰምተው ልጆቹ ባሉበት ይጻፉት፤ እድሩ ድንኳን ከተከለ በኋላ ይህን ማንሣት ለቅሶውን ወደ ክርክር ይለውጠዋል።